ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ሃያ አንድ ሰው

ባለፈው እሑድ ማለዳ ከጣና ዳር ተነሥተን ግማሽ ማራቶን፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር፣ ሮጥን። ሩጫውን ያዘጋጀነው ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞችን ለሚረዳ በጎ አድራጎት ማኅበር ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። እኔ የለመንሁት ኪሎ ሜትሮቹን በማከፋፈል ነበር። 21 ሰዎች አንዳንድ ኪሎ ሜትር ወስደው የቻሉትን ሰጡ፤ ስማቸውንም በተራ ቁጥር ጽፌ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በኪሴ ይዤ ሮጥሁ።

ሦስት ወር ሙሉ ጎሕ ሲቀድ በሐይቁ ዳር ዘንባባዎች ሥር ተለማምጃለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀንም የቤዛዊትን ዳገት ወጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ የከበደኝ ግን ገንዘብ መጠየቁ ነበር። ብዙ ሰው «የገዛ ወገናችን ተፈናቅሎ እያየህ ለሱዳናዊ ትለምናለህ?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከጠያቂዎቹ መካከል ተፈናቃይ ዘመድ በቤታቸው ያስጠጉ አሉና ልባቸውን አልጠረጥርም። መልሴ ግን አንድ ነበር፦ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ከትግራይ፣ ከወሎና ከጎንደር በእግሩ ድንበር የተሻገረውን ሕዝብ የተቀበለችው ሱዳን ናት፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንንም ያስጠጋችው እሷው ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ ሲጀመር ተራው የእኛ ሆነ።

ይህን ማስረዳት ያላስፈለገኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ በመንገዳችን ላይ ቡና አፍልተው የሚሸጡ እናት። ነገሩን ገና ሳልጨርስ ከመቀነታቸው 50 ብር ፈትተው ሰጡኝና፣ «ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወርዶ ወባ ሲጥለው ያስታመሙት የማያውቁት ሰዎች ናቸው፤ እንካ ልጄ» አሉኝ። 14ኛውን ኪሎ ሜትር ለእሳቸው ጻፍሁት።

በዕለቱ እስከ 13ኛው ድረስ ደኅና ነበርሁ። ከዚያ ፀሐይዋ በረታች፣ የቀኝ ጉልበቴም ያመኝ ጀመር። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ የማስበው ዮናስ ክንዴን ነው። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈውና 10 አትሌቶች በነበሩት የስደተኞች ቡድን ውስጥ፣ በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው ይህ ኢትዮጵያዊ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሮጦ 90ኛ ወጥቷል። ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነንና 90ኛ የወጣ ሯጭ ብዙ አይነሣም፤ እኔ ግን ከአገሩ ርቆ፣ በኦሊምፒክ ባንዲራ ሥር ያንን ርቀት መጨረሱን ከብዙ ሜዳሊያ አስበልጬ አከብረዋለሁ።

14ኛውን በዝግታ፣ ግን ሳልቆም ጨረስሁት። 380 ሜትር በሚረዝመው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ከወንዙ የሚነሣው ነፋስ ላቤን አደረቀልኝ፤ ከዚያ በኋላ የቀሩትን ስሞች አንድ በአንድ እየጠራሁ ገባሁ። ወረቀቱን ሳወጣው ላስቲኩን አልፎ ላብ ገብቶበት ነበር፤ የታችኞቹ አራት ስሞች ቀለማቸው ፈስሷል።

ማክሰኞ ዕለት ገንዘቡን አስረክቤ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደረሰኝ ተቀብዬ አደረስሁ። እናታችን ማንበብ ስለማይችሉ የተጻፈውን አነበብሁላቸው። «ሃምሳዋን ብቻዋን ጻፏት?» አሉና ደረሰኙን አራት አጥፈው፣ ብሩ በነበረበት በመቀነታቸው ቋጠሩት።