ባሕሩ የፈቀደ ዕለት

ከስክራብስተር ወደብ መርከብ ስሳፈር የማቅለሽለሽ ኪኒን ውጬ፣ ለክፉ ቀን ደግሞ ፌስታል ኪሴ ከትቼ ነበር። ዋናውን ስኮትላንድ ከኦርክኒ ደሴቶች የሚለየው ባሕር በአስቸጋሪነቱ ይታወቃል። ሰዓት ተኩሉ አለቀ፤ ሻዬ ግን ከኩባያው ጠብ አላለም። ተሳፋሪው ሁሉ ባሕሩ ዳር 137 ሜትር ቁመት ይዞ የቆመውን «የሆይ ሽማግሌ» የሚባል የድንጋይ ዓምድ ፎቶ ሲያነሣ፣ እኔ እንደ ትሪ የተንጣለለውን ውኃ እያየሁ በሸቅኩ።

የሄድኩት ሞገድ እንዴት እንደሚለካ ለማየት ነው። አዳማ ዙሪያ የንፋስ መለኪያ ምሰሶ ሥር ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ኤድንብራ ትምህርት ላይ ነኝ። እናቴ በስልክ ጉዞዬን ስነግራት «ሞገድን ደግሞ ምን አድርገው ይለኩታል? ቆሞ ይጠብቃቸዋል?» ብላ ሳቀችብኝ። ከመምህራኖቼ ጥያቄ ይልቅ የሷ ነው መንገዱን ሁሉ አብሮኝ የተጓዘው።

ኦርክኒ ላይ ስትሮምነስ በምትባለው ትንሽ የወደብ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ፣ በአጭሩ ኢሜክ የሚሉት ማዕከል አለ። ሙሉ ስሙን «የአውሮፓ የባሕር ኃይል ማዕከል» ብዬ ልተረጉመው ነበር፤ እኛ ባሕር ኃይል ስንል የሚታየን ነጭ የለበሰ መርከበኛ ስለሆነ ተውኩት። ከሞገድና ከባሕር ውስጥ ፍሰት ኤሌክትሪክ እናመነጫለን የሚሉ ኩባንያዎች ማሽናቸውን አምጥተው እውነተኛ ባሕር ላይ የሚፈትኑበት ቦታ ነው። ፔላሚስ የተባለው 120 ሜትር የሚረዝም የብረት እባብ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሞገድ ያገኘውን ኤሌክትሪክ ለብሪታንያ መስመር የላከው ከዚህ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. 2014ን አልተሻገረም።

በማግሥቱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ነበረኝ። ሊያስጎበኘኝ የነበረው መሐንዲስ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክት ላከልኝ፦ «ይቅርታ፣ ዛሬ ባሕሩ ፈቅዷል። ነገ እንገናኝ።» ወደቡ ስወርድ የሥራ ጀልባዎቹ ከቆሙበት ወጥተዋል። እኔ የረገምኩትን ጸጥታ እነሱ ለካ በጉጉት ሲጠብቁት ኖረዋል።

ቢቸግረኝ ወደ መፈተኛው ሥፍራ፣ ቢሊያ ክሩ ወደሚባለው የምዕራብ ዳርቻ፣ በእግሬ ሄድኩ። ከፊት ለፊት አትላንቲክ ነው፤ እስከ ሰሜን አሜሪካ ድረስ የሚያቋርጠው መሬት የለም። ቅጠል አይነቃነቅም፤ ለነገሩ ዛፉም የለም፣ ንፋሱ አያበቅለውም። ሣሩ ላይ ተቀምጬ ቆየት ብዬ ሳይ ግን ውኃው አልተኛም። እንደ እንቅልፋም ሰው ደረት ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በሰዓቴ ቆጠርኩ፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ዐሥራ አንድ ሰከንድ። ይህ የዚህ ሰፈር ንፋስ ሥራ አይደለም። ሩቅ፣ ውቅያኖሱ መካከል፣ ከቀናት በፊት የነፈሰ ዐውሎ ንፋስ የላከው ነው። ጫፍና ጫፉ የተራራቀ ረጅም ሞገድ ከአጭሩ ይፈጥናልና ቀድሞ ይደርሳል። ንፋስ ለክቶ ሞገዱን ማወቅ ያልተቻለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ለየብቻቸው መለካት አለባቸው።

በሦስተኛው ቀን ንፋሱ መጣ፤ መሐንዲሱም አብሮ ተገኘ። ለጥገና የወጣ መለኪያ አሳየኝ፦ ቢጫ ኳስ፣ ወገቡ ላይ 90 ሴንቲሜትር የሚሰፋ፣ አናቱ ላይ አንቴናና መብራት። ሆዱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ከፍታን በቀጥታ አይለካም፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋውን የፍጥነት ለውጥ ነው የሚይዘው። ከዚያ በስሌት ፍጥነቱን፣ ከፍጥነቱ ደግሞ ከፍታውን ያወጣል። ከመልሕቁ ጋር የሚያያዝበት ገመድ አንዱ ክፍል ላስቲክ ነው፤ ድርቅ ያለ ቢሆን ኳሱን ከሞገዱ በታች ጎትቶ ያስቀረው ነበር። እናቴን አስታወስኩ፦ ሞገዱ አይቆምላቸውም፣ መለኪያው አብሮት ይጨፍራል።

በየግማሽ ሰዓቱ ከሚወጡት ቁጥሮች ዋናው የሞገድ ከፍታ የሚሉት ነው። የሁሉም ሞገድ አማካይ እንዳይመስላችሁ፤ ከሁሉም ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛዎቹ ተለይተው የእነሱ አማካይ ነው። ሁለት ሜትር ከተባለ በመካከሉ አራት ሜትር የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል። ጉልበቱም በከፍታው ካሬ ያድጋል፦ ሁለት ሜትር ከፍታና የስምንት ሰከንድ ልዩነት ያለው ባሕር በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት ወደ 16 ኪሎዋት ይይዛል፤ ከፍታው አራት ሜትር ሲሆን ወደ 64 ይደርሳል። ማሽን ሠሪው የሚጓጓውም፣ ማሽኑን የሚሰብረውም ይኸው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ሠንጠረዥ ነው። ባሕሩ ከተወሰነ ከፍታ በታች ሆኖ ሳያቋርጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ በየወሩ የተጻፈበት። ማሽን ለመትከል ሃያ አራት ሰዓት ካስፈለገ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ሆኖ ዐሥራ ሁለት ጊዜ የመጣ ጸጥታ ምንም አይጠቅምም። እዚህ ብርዱ በሚበረታበት ክረምት ደግሞ ቀኑ አጭር ነው፤ ጸጥታው ሌሊት ቢመጣስ? አዳማ ላይ አንድ ዳሳሽ ቢበላሽ ንፋሱ በረድ ሲል ምሰሶው ላይ እንወጣ ነበር። እዚህ የሁለት ሰዓት ጥገና ሳምንታት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ማሽኑም እስከዚያ ሥራ ፈቶ ይንገላታል። እኛ ትምህርት ቤት ስለ ዓመታዊ አማካይ ጉልበት ገጽ በገጽ ስንጽፍ ይህን ለማጠቃለያው ነው የምናቆየው። በኔ ቢሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ ይሆን ነበር።

ስንወጣ ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረው ተመለከትኩ። ሠራተኞቹ ትናንት ሲለፉ ውለው ዛሬ ሻይ ይዘው ያወራሉ። ለመሐንዲሱ ያመጣሁትን ግማሽ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ሰጥቼ ተሰናበትኩ።

ወደ ስክራብስተር ስመለስ ሻዬ ተደፋ፣ ቀጥሎም ፌስታሉን አወጣሁ። አንድ እጄ ፌስታሉን ይዞ፣ በሌላው ሰዓቴን አስጠግቼ ቆጠርኩ፤ ሰባት ሰከንድ። የዚህ ሰፈር ንፋስ ነው።