የመጋዘኗ ደብተር

«ባለድርሻ አካላት» የሚለው ቃል አይጥመኝም። በተጠራ ቁጥር ሰው ሳይሆን ሳጥን ነው የሚታየኝ፦ ፈራሚው፣ ከፋዩ፣ አይቲ ክፍሉ፣ «ተጠቃሚው»። ለብዙ ጊዜም የማስተናግዳቸው እንደዚያው ነበር።

የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ስንሠራ አንዲት የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። በየዴሞው (የሠራነውን በምናሳይበት ስብሰባ) ጥግ ይዘው ይቀመጡና ልንጨርስ ስንል «ይሄ አይሠራም» ይላሉ። ለምን ሲባሉ ዝም። ሥራ አስኪያጁ ይስቃል፣ እኛም ፈገግ ብለን ወደሚቀጥለው ስክሪን እናልፋለን። ለውጥ የሚፈሩ ሴትዮ ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር። የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ስለሆነ ነገራቸው ብዙም አላሳሰበኝም።

ሲስተሙ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ አልገጥም አለ። ሲስተሙ 40 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 37 ነው። ባግ (የኮድ ስህተት) መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን በረበርኩት፤ ምንም የለም። ሲቸግረኝ ላፕቶፔን ይዤ መጋዘን ወረድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከኪቦርዱ ጎን የተገለጠ ደብተር አለ። ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጽፉት እዚያ ላይ ነው፤ ወደ ማታ ወደ ሲስተሙ ይገለብጡታል። ሦስተኛው ዓምድ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል።

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«የተሰበረ። መጥቷል፣ ግን ለማንም አይሰጥም። አንተ ጋ የት ልጻፈው?»

መልስ አጣሁ። እኛ ጋ ዕቃ ወይ ገብቷል ወይ ወጥቷል። 40 ከታዘዘ ደግሞ ሲስተሙ ከ40 ሌላ ቁጥር አይቀበልም። (ያንን ገደብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር።)

«ታዲያ በዴሞው ላይ ለምን አልነገሩንም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አለቃዬ ፊት? እኔ ጋ የተሰበረ ዕቃ አለ ብዬ?»

እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ስለ ሶፍትዌር አሠራር ያወጡት መግለጫ፣ የአጃይል ማኒፌስቶ፣ 12 መርሆዎች አሉት። አንዱ የሥራው ባለቤቶችና ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ሰዎች በየቀኑ አብረው ይሥሩ ይላል። ይህን ስንት ጊዜ ለሰው ጠቅሻለሁ! አብሮ መሥራት ሲባል ግን የሚመጣልኝ ስብሰባ መጥራት ነበር። ሴትዮዋ አፋቸውን መክፈት የማይችሉበት ቦታ ደግሞ ያው ስብሰባው ነው።

ማስተካከያው ግማሽ ቀን እንኳን አልፈጀም፤ «የተጎዳ» የሚል አንድ ሁኔታ መጨመርና ገደቡን ማንሳት ብቻ። ያስቸገረኝ ለሥራ አስኪያጁ እንዴት እንደምነግረው ነው። ሴትዮዋን ሳላነሳ፣ «አቅራቢው በጉዞ ላይ የሚሰብረውን ስንት እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለህ?» አልኩት። ዓይኑ በራ። አሁን ያንን ሪፖርት በየሳምንቱ ይጠይቃል።

ከእሱ ጋር የሚያጨቃጭቀን ሌላ ነው። ሥራ የሚዘገይ ከመሰለኝ ገና ስጠረጥር እነግረዋለሁ፤ «እርግጠኛ ሳትሆን ለምን ታስጨንቀኛለህ?» ይለኛል። እኔ ቀኑ ሲደርስ ከሚደነግጥ ዛሬ ቢቆጣ እመርጣለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።

አሁን አዲስ ስክሪን ስንሠራ ከዴሞው በፊት መጋዘን እወርዳለሁ፤ አለቃ በሌለበት፣ ገና ያላለቀውን ይዤ። ደብተሩ ዛሬም እዚያው ነው። ቀዩ ዓምድ ባዶ ሆኗል። ባለፈው ግን ዳር ላይ በአረንጓዴ የተጻፉ ሦስት መስመሮች አየሁ፤ ልጠይቃቸው ስል መኪና ደረሰና ዕቃ ሊቆጥሩ ወጡ።