«ሙሳ ዱቤ እንዲህ ይላል»

ሐዋሳ ውስጥ ለሴቶች አገልግሎት የሥልጠና ጽሑፍ የሚያዘጋጅ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ስለ አፍሪካና እስያ ሥነ መለኮት ባለ 24 ገጽ መማሪያ ከእንግሊዝኛ አስተረጎመ። ፒያሳ ታተመ፣ ተጠረዘ፣ ታደለ። ስህተቱ የተገኘው ከታደለ በኋላ ነው። ያገኙትም አራሚዎቹ አይደሉም፤ በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። «ይሄ ሙሳ የሚባለው ሰውዬ የሴትን ነገር እንዲህ አብጠርጥሮ ከየት አወቀው?» አሉ።

አሰልጣኟ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ገጹን ገልጣ አየችና ዝም አለች። ሙሳ ዱቤ ሴት ናቸው፤ ቦትስዋናዊት የአዲስ ኪዳን ምሁር።

ገጹ ላይ የነበረው የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ነው። ሙሳ ዱቤ ታሪኩን እንደ ተረት ነጋሪ መልሰው ሲተርኩት፣ ደም የሚፈስሳት ሴት እማማ አፍሪካ ትሆናለች። ቅኝ ገዢ ይመጣል፣ ነፃነት ይመጣል፣ ኤች አይ ቪ ይመጣል፤ ባለመድኃኒት ነኝ ያለ ሁሉ ይሞከራል፤ ደሙ ግን አይቆምም። በወር አበባዋ ሰሞን ከቤተ መቅደስ ውጭ ቆማ የምታስቀድስ ሴት ባለችበት አገር፣ ይህ ንባብ ከማን አፍ እንደወጣ ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ተርጓሚው ሰነፍ አልነበረም። የእንግሊዝኛ ግስ ባለቤቱ ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም፤ ጽሑፉም ሙሉ ስማቸውን አንዴ ካነሣ በኋላ ሰዎቹን የሚጠራው በአባት ስም ብቻ ነበር። አማርኛ ግን «ይላል» ወይም «ትላለች» ሳይል ዓረፍተ ነገሩን አይዘጋም። ሙሳ ደግሞ እኛ ዘንድ የወንድ ስም ነው። (ስለ «ዱቤ» የተቀለደውን እንተወው፤ «ዱቤ የለም» የማይል ሱቅ ስለሌለ ቀልዱን ለመገመት አያዳግትም።)

የባሰው ጥፋት የመጣው ለማረም ሲጣደፉ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «ይላል» የሚለው ሁሉ «ትላለች» እንዲሆን በአንድ ጊዜ ተቀየረ። ተሰብሳቢው በማግስቱ ያገኘው «ማርቆስ እንዲህ ትላለች» እና «መጽሐፉ ትላለች» የሚል ወረቀት ነበር። በሌላ በኩል መቀየር የነበረበት ሳይቀየር ቀረ፤ ምክንያቱም ጾታው ያለው ግሱ ላይ ብቻ አይደለም። «ንባቡ» ሲባል «ያ ንባብ» ነው ወይስ «የእሱ ንባብ»? ቅርጹ አንድ ነው፤ በፍለጋ አይለይም። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያነበቡ፣ የእሷ የሆነውን «ንባቧ» ከማለት ሌላ መንገድ የለም።

በዚህ መሐል አራሚዋ ሌላ ነገር አየች። በዚያው መማሪያ ፔሩዊው ካህን ጉስታቮ ጉቴሬዝ በየገጹ «ይላሉ»፣ «ጽፈዋል» እየተባሉ በአንቱታ ተጠርተዋል። ሙሳ ዱቤ ከ«ይላል» ወደ «ትላለች» ሲቀየሩ ጾታቸው ተስተካከለ እንጂ ማዕረጋቸው አልተስተካከለም። ታዲያ ሁሉንም «ይላሉ» ብንልስ? አንቱታ ደግሞ ጾታን ይሸፍናል፤ ሴትዮዋ ተከብረው ይጠፋሉ። ጋናዊቷ መርሲ አምባ ኦዱዮዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 አክራ ላይ የአፍሪካ ሴት የሥነ መለኮት ምሁራንን ክበብ ያቋቋሙት ሴቶች በራሳቸው ስም እንዲጽፉ ነውና፣ ይህ የሥራውን ቁም ነገር መብላት ነው። የተስማሙበት መፍትሔ ግሱን ለሁሉም በአንቱታ ማድረግ፣ ስሙ በየምዕራፉ መጀመሪያ ሲነሣ ግን «ቦትስዋናዊቷ ምሁር»፣ «ኬንያዊቷ ሙሲምቢ ካንዮሮ» እያሉ ጾታውን በቅጽሉ ማሳየት ሆነ። በግእዝ ስሞቻችን ይህ ችግር እምብዛም አይገጥምም። በሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አንቀበልም ብለው የተነሡትን፣ ገድላቸውም በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈላቸውን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ማንም ወንድ አያደርጋቸውም፤ «ወለተ» አስቀድሞ ተናግሯል።

አሁን ትርጉም ከመጀመሩ በፊት ባለ አራት ዓምድ ሰንጠረዥ ይሞላል፦ ሙሉ ስም፣ አገር፣ ጾታ፣ የራስ ስም የትኛው እንደሆነ። አራተኛው ዓምድ የመጣው በሆንግ ኮንጓ ክዎክ ፑይ-ላን ምክንያት ነው። እኛ የፊተኛውን የራስ ስም፣ የኋለኛውን የአባት አድርገን እናነባለን፤ በቻይና ልማድ ግን ቀዳሚው «ክዎክ» የቤተሰብ ስም ነው። የኮሪያዋ ቹንግ ህዩን ክዩንግም እንደዚያው። ጾታው በሰው ምስክርነት ወይም ጸሐፊው ስለራሱ በጻፈው ካልተረጋገጠ ባዶ ይተዋል፤ በስሙ ድምፅ መገመት ተከልክሏል።

አራሚዋ ሰንጠረዡን ስትጀምር የመጀመሪያውን መስመር የሞላችው በዘመናችን ካሉ ምሁራን በአንዷ አይደለም። ሮሜ 16፥7 ላይ ከአንድሮኒቆስ ጋር የተጠራችው ዩኒያ ናት። የግሪኩ ስም እዚያ ቦታ ላይ ተሳቢ ስለሆነ የወንድም የሴትም ሊመስል ይችላል፤ የሚለየው የአነባበብ ምልክት ደግሞ በጥንቶቹ ቅጆች አልተጻፈም። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሴት መሆኗን ሳይጠራጠር አመስግኗታል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ አንባቢዎች ግን በሐዋርያት መካከል ስመ ጥር የተባለች ሴት አልዋጥ ብሏቸው «ዩኒያስ» የሚባል ወንድ አደረጓት። በሰንጠረዡ ጾታ ዓምድ «ሴት» ተብሏል፤ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ከአንድሮኒቆስ ጋር በብዙ ቁጥር ስለተጠራች የአማርኛው ግስ አያሳይም» ተብሎ ተጽፏል።