ገደል ፍለጋ በኪምበርሊ

ከፐርዝ እስከ ብሩም ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚያ መንገድ ግን ብዙ የምለው የለኝም። ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ቀይ አፈር፣ መኪና የገጨው ካንጋሮ፣ በሬሳው ላይ የተሰየመ ንስር፤ ከዚያ ደግሞ ሦስት ተሳቢ አስከትሎ እየነጎደ የሚመጣ የጭነት መኪና። እነዚህ ከባድ መኪናዎች እስከ 53 ሜትር ተኩል ይረዝማሉ። አንዱ ባለፈን ቁጥር የምንጎትተው ካራቫን፣ ባለ ጎማው ቤታችን፣ ይወዛወዛል፤ ባለቤቴ መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዛል፤ ከኋላ ወንበር ደግሞ የእናቴ «በስመ አብ!» ይሰማል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ነበር። ኪምበርሊ የሚባለው የአውስትራሊያ ሰሜን ምዕራብ ክፍል በዚያ ወቅት ደረቅ ነው፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። እናቴ የደጀን ሰው ናት። ዓባይ በረሃን ቁልቁል እያየች ያደገች ሴት፣ ልትጠይቀን ፐርዝ ድረስ መጥታ፣ ልጇና አማቿ ቤት በመኪና እየጎተቱ ገደል ሊያሳዩዋት መሆኑን ስትሰማ ሳቋ መጣ። «ገደል ደጀን ሞልቶ የለም እንዴ?» አለች። ባለቤቴ የዚህኛው የተለየ እንደሆነ ሊያስረዳት ቢሞክርም፣ ገደል ማለት ለእሷ ወርደው የሚወጡት መከራ እንጂ የሚጎበኙት ነገር ስላልሆነ ብዙም አልገባትም።

ይልቅ ያስገረሟት የካራቫን ሰፈሩ ሰዎች ናቸው። በየማረፊያው የምናገኛቸው ጎረቤቶች አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ቤታቸውን አከራይተው ወይም ሸጠው፣ ክረምቱን ሸሽተው ወደ ሰሜን የሚጎርፉ ሽማግሌዎች። «ልጅ የላቸውም?» ትለኛለች በየምሽቱ። አላቸው ስላት ይብስባታል። የሰባ ዓመት ሰው ጎማ እየፈታ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ልጁ ዝም ብሎ ያየዋል ወይ ነው ነገሩ። ሽማግሌዎቹ ግን ደስተኞች ነበሩ። ከጎናችን የሰፈሩት ሴትዮ የተጠበሰ ሥጋ በሳህን ይዘው መጡ፤ ፍልሰታ ነበርና እናቴ እጅ ነስታ መለሰችው፤ በምትኩ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። ሴትዮዋ በቡታጋዝ ላይ የተጣደውን ጀበና ዙሪያውን እየዞሩ አዩት፤ እስከ ሦስተኛው ድረስም ተቀምጠው ጠጡ።

ደርቢ ስንደርስ መንገዱ ተቀየረ። ደርቢ በአውስትራሊያ ከፍተኛው የባሕር ሙላትና ሽሽት የሚታይባት ከተማ ናት፤ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በመሙላቱና በመጉደሉ መካከል ያለው ልዩነት 11 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የከተማዋን መግቢያ የሞሉት ሆዳቸው የተነፋ ዛፎች ደግሞ በተከዜ ሸለቆ የሚበቅለው ባኦባብ ዘመዶች ናቸው። ከደርቢ የሚነሳው የጊብ ሪቨር መንገድ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀንድ ከብት ለማጓጓዝ የተከፈተ ነው። እኛ የሄድነው መጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ከ120 ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ታጥፈን ወደ ገደሎቹ ወረድን።

አስፋልቱ ሲያልቅ ባለቤቴ ወርዶ የጎማዎቹን አየር ቀነሰ። ኮረኮንች መንገድ ላይ ለስለስ ያለ ጎማ ይሻላል ይላሉ፤ ቢሆንም ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ። ማታ የካራቫኑን በር ስንከፍት የቁም ሳጥኑ መቀርቀሪያ ለቆ፣ እናቴ ከደጀን ይዛው የመጣችው በርበሬ ከነላስቲኩ ፈንድቶ አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ ጣሪያውን ሳይቀር አቅልሞት አገኘነው። እያስነጠስን ስንጠርግ አመሸን። አልጋ ልብሱ ታጥቦም ሽታው አልለቀቀውም፤ ካራቫኑን ያከራየን ድርጅት ሲረከበን ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው።

ባንዲልንጋን፣ በድሮ ስሙ ዊንጃና፣ ከሩቅ ሲታይ በሜዳ ላይ የቆመ ጥቁር የድንጋይ አጥር ነው። ናፒየር የሚባለው ይህ ሰንሰለት ከ350 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ የነበረ የኮራል ዓይነት ግንብ ነው፤ ባሕሩ ሸሽቶ ግንቡ ቀረ። ሌናርድ ወንዝ ደግሞ መሐሉን ሰንጥቆ 3.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ግድግዳው እስከ 100 ሜትር የሚደርስ ገደል አወጣለት። እናቴ ቀና ብላ አየችና «ይህ ነው?» አለች። ከዓባይ ጎን ሲቆም እውነትም ምንም አይደለም። በጠባብዋ የድንጋይ በር ጎንበስ ብለን ገብተን፣ ከግድግዳው ላይ የጠጠሩትን የባሕር ፍጥረታት ቅርጽ ሳሳያት ግን በጣቷ ተከትላ ዳሰሰችው። «የኖኅ ውሃ እዚህም ደርሶ ነበር ማለት ነው» አለች። አልተከራከርኳትም።

ወንዙ በዚያ ወቅት አይፈስም። ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኗል፤ በየኩሬው ዳር ደግሞ አዞ። አገሩ ሁለት ዓይነት አዞ አለው፤ ሰው የሚበላው የጨው ውሃ አዞና በአፍንጫው ቀጭንነት የሚለየው፣ ዓሣና ነፍሳት የሚበላው የወንዝ አዞ። ባንዲልንጋን ያሉት ሁለተኛዎቹ ናቸው፤ ካልነኳቸው ሰው አይነኩም፤ ከሁለት ሜትር ብዙም አይበልጡም። አርባ ምንጭ የአዞ ገበያን ላየ ሰው እነዚህ ግልገል ይመስሉታል። በአንዱ ኩሬ ዳር ሠላሳ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። አሸዋው ላይ ከተኛው አንዱ አራት እርምጃ ርቀን ቆምን። ጀርባው ላይ አሸዋ ደርቆበታል፤ አፉን ገርበብ አድርጎ ከፍቶ ጉሮሮው ብቻ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤ የአፍንጫው ጫፍ ላይ አንድ ሰማያዊ የውሃ ተርብ አርፋ ትነሳለች፣ ተመልሳ ታርፋለች። ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ከኋላዬ ሆና «ሞቷል» አለች። በዚህ ጊዜ ጭራውን ሸርተት ሲያደርግ የሮጠችውን ሩጫ እስከዛሬ አንረሳውም።

እነዚህን አዞዎች የሚያሳስባቸው ሰው ሳይሆን ጉርጥ ነው። በ1935 የሸንኮራ አገዳ ጥንዚዛ ያጠፋል ተብሎ ኩዊንስላንድ ውስጥ የተለቀቀው መርዛም ጉርጥ፣ ጥንዚዛውን ሳያጠፋ እየተራባ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ በደረሰበት ወንዝ ሁሉ የዋጠው አዞ ይሞታል። እኛ እዚያ በነበርንበት ዘመን ቡኑባ የተባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ የዱር ጥበቃ ሠራተኞችና ተመራማሪዎች አንድ ዘዴ እየሞከሩ ነበር። መርዙ የወጣለትን የጉርጥ ሬሳ የሚያቅለሸልሽ ኬሚካል ወግተው በወንዙ ዳር ያንጠለጥሉታል፤ የበላው አዞ ይታመማል እንጂ አይሞትም፤ ከዚያ በኋላ ጉርጥ ሲያይ ዞር ይላል። በ2024 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ዘዴው ሠርቷል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ልጅ ጡት እንደሚያስጥሉት ነዋ፣ ሬት ቀብተው» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላነበብኩም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ዲማሉሩ አለ፤ ሌላ ጅረት በተራራው ሥር ያለፈበት 750 ሜትር የሚረዝም ዋሻ። ባትሪ ይዘው እስከ ጉልበት በውሃ ውስጥ እየሄዱ ነው የሚያቋርጡት። ባለቤቴ «እማማ፣ እጄን ይያዙ» ቢላት «አንተ ራስህን ያዝ፣ እኔ ወንዝ እየተሻገርኩ ገበያ የወረድኩ ነኝ» ብላ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ቀደመችን። ከመሐሉ ጣሪያው ተደርምሶ ብርሃን ይገባል፤ ከላይ የሌሊት ወፎች ተንጠልጥለዋል።

የቡኑባ ተወላጅ የሆነው አስጎብኚያችን የጃንዳማራን ታሪክ የነገረን እዚያ ነው፤ እኔ ለእናቴ እየተረጎምኩ። ጃንዳማራ ለፖሊስ ዱካ የሚያነብ ጎበዝ ተኳሽ ነበር። በ1894 የገዛ ወገኖቹ በሰንሰለት ታስረው ሲጠብቃቸው ልቡ ተመለሰና ፖሊሱን ገድሎ ፈታቸው። በዚያው ዓመት ባንዲልንጋን ውስጥ ከፖሊስ ጋር ተዋግቶ ቆሰለ፤ ሞተ ሲባል አመለጠ፤ ከዚያ ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በእነዚህ ዋሻዎች እየተሰወረ የከብት አርቢዎቹን እንቅልፍ ነሳቸው። ሰዎቹ ነፍሱ በዋሻው ውሃ ውስጥ ስለተደበቀች ጥይት አይገድለውም ይሉ ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1897 እዚሁ ደጃፍ ላይ የገደለው ነጭ ፖሊስ ሳይሆን ከሌላ አካባቢ የመጣ ጥቁር ዱካ አንባቢ ነው።

እናቴ ውሃው ውስጥ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። «ይህማ የእነሱ አባ ኮስትር ነው» አለች። የዓባይ በረሃን ተገን አድርጎ ጣሊያንን ያስጨነቀው በላይ ዘለቀ ለእሷ የሠፈር ሰው ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «የእኛንም የሰቀለው ጣሊያን አይደለም» አለች። አስጎብኚው ምን እንዳለች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ያለ እኔ ትርጉም ጎን ለጎን ሲሄዱ አየኋቸው፤ እሷ በአማርኛ፣ እሱ በእንግሊዝኛ እየተናገሩ።

የመጨረሻው ፊትዝሮይ ወንዝ የቆረጠው ዳንጉ ገደል ነበር። በጀልባ ነው የሚታየው። ከባሕር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በራቀው በዚህ ወንዝ ውስጥ አፍንጫው እንደ መጋዝ የሆነ ዓሣ ይኖራል፤ ገደል ስር ቆመን እንኳ ይህን ማመን ከበደኝ። እናቴን ግን ያፈዘዛት ዓሣው አልነበረም። የገደሉ ግድግዳ ላይኛው ክፍል በብርቱካንማና በግራጫ የተዥጎረጎረ ሲሆን፣ ከተወሰነ ከፍታ በታች በኖራ የተቀባ ይመስል ነጭ ነው። መስመሩ ከጀልባችን ብዙ ሜትር ከፍ ይላል። እስካሁን ገደሉን በቁመቱ ስትንቅ የቆየችው እናቴ «ውሃው እዚያ ድረስ ይወጣል?» ብላ ጠየቀች። አዎ፣ በየዝናቡ ወቅት ወንዙ እየሞላ አጥቦ አጥቦ ነው ያነጣው። «እንግዲያ ይህ ወንዝ የሚቀለድበት አይደለም» አለች። የክረምት ዓባይን የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የሚለው፤ አብረውን የነበሩት ቱሪስቶች ፎቶ እያነሱ ነበር።

ጃንዋሪ 2023 ላይ፣ እሷ ወደ ደጀን ከተመለሰች በኋላ፣ ኤሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ያመጣው ዝናብ ፊትዝሮይን አጥለቀለቀው። ውሃው በፊትዝሮይ ክሮሲንግ ከተማ 15.81 ሜትር ደረሰ፤ ከዚያ በፊት ከተመዘገበው ሁሉ በለጠ፤ ካራቫናችንን እየጎተትን ያለፍንበትን ድልድይም ሰበረው። አዲሱ ድልድይ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተከፈተ። ቪዲዮውን ልኬላት ደጋግማ ስታይ ቆይታ በማግስቱ ደወለች፤ የዋሻው አስጎብኚ ሰውዬ ደኅና መሆኑን አጣርቼ እንድነግራት ነበር የፈለገችው። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ ባለቤቴ ቀሪውን የጊብ ሪቨር መንገድ እንድንጨርስ እየወተወተን ነው። እናቴም እሺ ብላለች፤ ከሰኔ ጾም በኋላ፣ ከፍልሰታ በፊት ባለው ጊዜ ከሆነ።