ቁርሱ የት ይሄዳል?

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኛል። ምክንያቱን ብጠየቅ የለኝም። ነሐሴ ነው። ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ ገና አላባራም። ካልሲዬ እርጥብ ነው፤ ቢሮ ያለችው ያቺ ልጅ ደግሞ ዛሬም ቻርጀሬን ይዛብኝ ሄዳለች። እንዲህ ሲሆንብኝ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ ሶፋው ላይ መጠቅለልና ድራማ ማየት።

እሱም ዛሬ እምቢ አለ። ልክ ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል ምስሉ ተቆራረጠ። ሰውየው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና "ሲግናል የለም" የሚል ጽሑፍ መጣ። ዝናብ ሲበረታ ዲሽ እንዲህ ያደርጋል፤ የታወቀ ነው። ታናሼ ግን ጥፋቱ የሪሲቨሩ ነው ባይ ነው። ነቀለው፣ ሰካው። ነቀለው፣ ሰካው። ቀጥሎ ሪሞቱ አልሠራ ሲለው ባትሪዎቹን አውጥቶ ነከሳቸው። (ባትሪ ሲነከስ ለምን እንደሚነቃ እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም። ግን ይነቃል።)

እማዬ ባዶውን ስክሪን እያየች፣ "አሁን ቁርሳቸውን በልተው ቢጣሉ ምን ነበረበት?" አለች።

እኔ የተቃጠልኩት ስለ ደብዳቤው ነው። እሷ ስለ ቁርሱ።

የምናየው የቱርክ ድራማ ነው፤ አማርኛ የሚናገረው። የቱርክ ድራማ የሚያይ ሰው ሁሉ ይህን ቁርስ ያውቀዋል። ትልቅ ቤት፣ ረጅም ጠረጴዛ። የወይራ ፍሬ በየዓይነቱ፣ አይብ በየዓይነቱ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ማር፣ ትኩስ ዳቦ፣ ወገቧ ቀጠን ባለች ብርጭቆ የተቀዳ ሻይ። ቤተሰቡ በሙሉ ይቀመጣል። አባወራው ዳቦውን ይቆርሳል። በቃ፣ ያኔ በሩ ይከፈታል። አንድ ሰው ገብቶ አንድ ነገር ይናገራል። ልጁ ያንተ ልጅ አይደለም፣ ወይ ፋብሪካው ተሸጧል፣ ወይ ሞተ የተባለው ሰው አልሞተም። ሁሉም ብድግ! ወንበር ይወድቃል። እናትየው ደረቷን ትይዛለች። ወደዚያ ጠረጴዛ የሚመለስ ሰው ግን የለም።

እማዬ ይሄን ማየት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። አልለመደችውም። በፍልሰታ ደግሞ ይብስባታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ትውልና ማታ ቁጭ ብላ ያ ሁሉ እንቁላልና አይብ እጅ ሳይነካው ሲቀር ታያለች። እሷ እንደሆነች ቢሰጧትም አትነካውም፤ ጾም ነው። መበላቱን ግን ትፈልጋለች። "ሠራተኞቹስ ይበሉታል?" ትለኛለች። "ወይስ ይደፉታል? ቁርሱ የት ይሄዳል?"

እኔ ምን አውቄ።

ደግሞ ለእሷ ቲቪና ምግብ ድሮም አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ቴሌቪዥን ሀገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም ነው። እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ጎረቤት ቤት ነው። ጣቢያው አንድ ብቻ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ቲቪው ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎበታል። የሰፈሩ ልጆች አባባ ተስፋዬን ለማየት መሬት ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። የቤቱ እመቤት ቆሎ ሳትዘግንላቸው አንድም ልጅ አይወጣም ነበር ትላለች። እንግዲህ እንዲህ ያደገ ሰው ያንን የቱርክ ጠረጴዛ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

የኛዎቹም ቢሆኑ አይሻሉም። የሀገር ውስጥ ድራማ ላይ ሰው እንጀራውን ሁለቴ ቆርሶ "በቃኝ" ይልና ይነሳል። ዝም ብለው ይለቁታል! እንዲህ ያለ ቤት የት ነው ያለው? እኛ ቤት ሁለቴ ጎርሶ የተነሳ ሰው በሩ ጋ ሳይደርስ "በሞቴ!" ይባላል። እጁን ቢታጠብ እንኳ ጉርሻው ተጠቅልሎ ይከተለዋል። ቡናውማ አይነሳ። ጀበናዋ ባዶ መሆኗ ከአያያዙ ያስታውቃል። ሙሉ ጀበና ያነሳች ሴት እንዲያ እጇን እያወናጨፈች አታወራም። ሲኒውንም ከንፈራቸው ጋ አስነክተው ይመልሱታል። በረካ ድረስ የተቀመጠ የድራማ ሰው አይቼ አላውቅም። አቦሉ ሳያልቅ አንድ ምስጢር ይወጣና ሁሉም ይበተናል።

ስልኩስ! ድራማ ላይ ወሬ ሲያልቅ ስልክ ይዘጋል። "ነገ አራት ሰዓት" ይላል፣ ጠቅ። ይሄ ሰውዬ አማርኛ የት ነው የተማረው? እኛ ጋ ዋናው ወሬ የሚጀምረው "በቃ እሺ" ከተባለ በኋላ ነው። "እሺ በቃ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ፣ እሺ፣ ውይ ረስቼው፣ ያ ነገርስ ምን ሆነ?" ተብሎ እንደ አዲስ ይጀመራል። ቨርጂኒያ ካለችው አክስቴ ጋር ስናወራ ቻው መባባሉ ብቻ አንድ ማስታወቂያ ከነድግግሙ ያስጨርሳል። እሷ የኛን ሀገር ድራማ ዩቲዩብ ላይ ነው የምታየው። እኛ መብራት ጠፍቶብን ያመለጠንን ክፍል እሷ ደግማ ሁሉ አይታዋለች። ትደውልና "አልነግራችሁም፣ ራሳችሁ እዩት" ትላለች። ከዚያ ትነግረናለች።

እማዬ ደግሞ ድራማን እንደ ድራማ አታይም። "ሰው ለሰው" ካለቀ ስንት ዘመኑ ነው። እሷ ግን አበበ ባልቻን የትም ይሁን የት ስታየው ዛሬም "አስናቀ መጣ" ትላለች። ድምጿ ውስጥ ቂም አለ። ሰውየው ቁጭ ብሎ በትህትና ቃለ ምልልስ ሲሰጥ "ይሄኔ ሌላ ነገር እያሰበ ነው" ትላለች። እንግዲህ ተዋናይ ከዚህ በላይ ሽልማት አለው?

በ2008 ዓ.ም ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማሳየት ሲጀምር የሀገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ተቃውመው ነበር። ባህል ይበርዛል፣ የኛንም ሥራ ገበያ ያሳጣል ነበር ክርክሩ። ገበያውን በተመለከተ እውነት ነበራቸው ብዬ አስባለሁ። ድራማን ከባዶ ተነስቶ መሥራትና የተሠራ ድራማ ላይ ድምፅ መቀየር ወጪያቸው አይገናኝም። ባህሉን በተመለከተ ግን እማዬን የጠየቃት ሰው የለም። ለእሷ ከዚያ ሁሉ ድራማ የተረፋት ትምህርት አንድ ነው፤ ቱርኮች ምግብ ያባክናሉ።

ወደ ጨዋታዬ ልመለስ። ባዶው ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ ሳስበው ድራማ ውስጥ የሌለው ነገር ቁርስ መጨረስ ብቻ አይደለም። የታክሲ ሰልፍ የለም። የውሃ ፈረቃ የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት "ውሃ መጣች!" ተብሎ በባዶ እግሩ ጀሪካን ሊሞላ የሚነሳ ሰው የለም። የመብራት ቆጣሪው ካርድ አልቆበት ከጎረቤት የሚበደር የለም። "ወራጅ አለ!" ብሎ የጮኸ ዋና ገጸ ባሕርይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም መኪና አላቸው። ፓርኪንግ ደግሞ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ይገኝላቸዋል።

ይህ ሁሉ ያለው ኮሜዲ ላይ ነው። "ምን ልታዘዝ" አንድ ካፌ ውስጥ ሆኖ ስንቱን ጉዳችንን ነካክቶታል። ኮስተር ያለው ድራማ ግን ወደዚያ አይጠጋም። እዚያ መብራት ከጠፋ ወይ ነፍሰ ገዳይ ሊገባ ነው፣ ወይ የአንዷ ልደት ነው። እንዲሁ የጠፋ መብራት የለም። ማን ወስኖ ነው ሰልፋችን የሚያስቅ፣ የቪላው ሰዎች ጭንቀት ደግሞ የሚያስለቅስ የሆነው?

እርግጥ ምክንያቱ ይገባኛል። መንገድ ላይ ካሜራ ብታቆም ሰፈሩ በሙሉ ይሰበሰባል። አንዱ ከኋላ እጁን ያውለበልባል፣ አንዷ "ማን ነው የሚያገባው?" ትላለች። ጥሩምባው፣ የግንባታው ጩኸት ሌላ ነው። ስለዚህ አንድ ቪላ ይከራዩና በሩን ዘግተው ይቀርጻሉ። ነጭ መደገፊያ ያለው አንድ ደረጃ አለ፤ በአንዱ ድራማ ባልየው ተገፍትሮ የወደቀበት፣ በሌላው ሙሽራዋ በሙዚቃ የወረደችበት። አንድ ደረጃ ነው ብዬ ከታናሼ ጋር ተወራርጃለሁ። አሁን ያ ደረጃ ብቅ ባለ ቁጥር ታሪኩን ትቼ መደገፊያውን ነው የማየው።

ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ከሰልፍ መጥቼ ሰልፍ ማየት እፈልጋለሁ እንዴ?

የዛሬው ዓይነት ከሆነ፣ አዎ። ታክሲ ውስጥ ከጎኔ አንድ ሰው ተቀምጧል። መገናኛ ስንደርስ ረዳቱ አንድ ሃምሳ ብር ዘረጋልኝና "ለሁለታችሁ ነው፣ ተካፈሉ" አለ። ዝርዝር የለውም። ድርሻችን እኩል እንኳ አይደለም። ሰውየው ከሜክሲኮ ጀምሮ ስለመጣ ሃያው የሱ፣ እኔ መሀል ላይ ስለገባሁ ሠላሳው የኔ። ታክሲው ሄደ። እኔና የማላውቀው ሰው ዝናብ ላይ አንድ ሃምሳ ብር ይዘን ቀረን። ሽማግሌ ሳይላክ የጋራ ንብረት አፈራን።

ሱቅ ሄድን፤ ዝርዝር የለም። ጀብሎው "ማስቲካ ግዙና ልዘርዝርላችሁ" አለን። ስንገዛ መልሱም ማስቲካ እንደሚሆን ሁለታችንም ስለገባን ተያይተን ሳቅን። ቀጥሎ ያለው ሱቅ ባለቤት ብሩን ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳይናገር መለሰልን። በመጨረሻ ሰውየው ሰዓቱን አየና "በቃ አንቺ ያዢው" ብሎ ወደ ሌላኛው ሰልፍ ሮጠ። ጃንጥላ አልነበረውም።

ይሄ ነገር ከዚያ ጀምሮ እየከነከነኝ ነው። የሃያ ብር ዕዳ አለብኝ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም። ድራማ ቢሆን እኮ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። ሙዚቃ ይገባ ነበር። በነጋታው የቢሯችን አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከች ይል ነበር፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ይሄኛው ዞር አላለም። ሰልፍ ላይ ቦታ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው ዞር አይልማ።

ስለዚህ ራሴ ለመጻፍ ወሰንኩ። ታናሼ ከሪሲቨሩ ጋር ትግሉን እንደቀጠለ እኔ ስልኬ ላይ ጀመርኩ። ክፍል አንድ፦ ሁለት ሰዎችና አንድ ሃምሳ ብር። ቪላ የለም፣ ደረጃ የለም፣ መኪና የለም። ምግብ ከቀረበ ሳህኑ ባዶ ሳይሆን የሚነሳ ሰው አይኖርም፤ ይቺ እንኳን ለእማዬ ስል ያስገባኋት ናት። ጻፍኩ፣ ጻፍኩ። ሰዎቹ አሁንም ዝርዝር እየፈለጉ ነው። ሱቅ በሱቅ እያዞርኳቸው መገናኛን ጨርሻለሁ። ስፖንሰር የሚሆነኝ የማስቲካ ፋብሪካ ካልተገኘ በቀር ታሪኩ የትም አይደርስም።

ለእማዬ አነበብኩላት። አንድም ቃል ሳትናገር አዳመጠችኝ።

"እና ሰውየው ማነው?" አለች ስጨርስ።

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?"

"ገና ክፍል አንድ ነው እኮ እማዬ።"

ጥቂት አሰበች። "ባለትዳር ነው?"

"አላውቅም አልኩሽ እኮ።"

"ቀለበት አላየሽም?"

"እማዬ! ድራማ ነው!"

"እሺ፣ ድራማ ነው" አለችና ፊቷን ወደ ታናሼ አዞረች። "አንተ፣ እስቲ እንደገና ነቅለህ ሰካው።"

ኧረ አይቻለሁ። ቀለበት የለውም። ግን እኮ ዘንድሮ ቀለበት የማያደርግ ባለትዳር ሞልቷል፤ አይደል?