ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው

ዛሬ ማዘጋጃ ቤት አመሸሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ኬፕ ኮድ በሚባለው ልሳነ ምድር ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው፤ ሰመር ላይ ሰው የሚተራመስባት፣ ዲሴምበር ሲገባ ጭር የምትል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሬስቶራንት የመጠጥ ፈቃዱ በየዓመቱ ዲሴምበር 31 ያበቃል። አሠሪዬ የሬስቶራንታችንን ፈቃድ ለማሳደስ "ጥያቄ ቢነሳ አብረሽኝ ሁኚ" ብላ ይዛኝ ሄደች። የእኛ ጉዳይ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። አምስቱ የምክር ቤት አባላት እጃቸውን አወጡ፣ አለቀ። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ" እየተባለ ላደገ ሰው ስብሰባው ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ራሱ ጉድ ነው።

ልንወጣ ስንል የንብረት ግብር ተነሳ። ቁጭ አልኩ።

ምክር ቤቱ ከፈለገ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ለሚኖሩ የቤት ባለቤቶች ግብር የሚታሰብበትን ግምት መቀነስ ይችላል። ቅናሹ ከከተማዋ አማካይ የቤት ግምት እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። የሚሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ ግን አይቀንስም። ሸክሙ ሰመር ሰመር ብቻ ብቅ ወደሚሉት ይዞራል።

አንዲት እናት ሹራብ እየሠሩ ነበር። ክሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና "ዊንተር ላይ በእኛ መንገድ መብራት የሚበራው የኔ ቤት ብቻ ነው" አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

እኔ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ደግሞ እዚያ ቤት አይኖርም፤ ግብሩ ቢጨምርበት ዞሮ ዞሮ ኪራዬ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ማንም አላነሳም። እጄን ላወጣ ብዬ ፈራሁ።

አሠሪዬ መኪናዋን እስክታሞቅ በመንገዱ ላይ የጨለሙትን ቤቶች ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።