እግር ላይ የተጻፈ ማስረጃ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1999 ማለዳ፣ በሰሜን ቴክሳስ በምትገኘው ቱሊያ ፖሊሶች በር እየደበደቡ ሰዉን ከአልጋው እያስነሡ ወሰዱ። አንዳንዱ በውስጥ ልብሱ እንዳለ ነው የወጣው፤ ደጅ ላይ የቴሌቪዥን ካሜራ ይጠብቅ ነበር። ኮኬይን በመሸጥ 46 ሰዎች ተከሰሱ፤ ወደ 40 የሚጠጉት ጥቁሮች ናቸው። ይህም ከከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ማለት ነው። ከቀሩትም ብዙዎቹ ከጥቁሮቹ ጋር በትዳር ወይም በወዳጅነት የተሳሰሩ ነበሩ። በዚያ ማለዳ ግን ኮኬይንም፣ መሣሪያም፣ የተከማቸ ገንዘብም አልተገኘም። 5,000 ያህል ሰው ለሚኖርባት ድሃ የገጠር ከተማ ይህ ሁሉ ሻጭ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የነበረበት አቃቤ ሕጉ ነበር።

የክሱ ሁሉ መሠረት ቶም ኮልማን የተባለ አንድ ስውር ፖሊስ ነው። በ18 ወር ውስጥ ከእነዚህ ሰዎች ኮኬይን ገዛሁ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ግዢ 3.5 ግራም ገደማ። የስውር ግዢ አሠራር የታወቀ ነው፦ ፖሊሱና መኪናው ቀድመው ይፈተሻሉ፣ የሚይዘው ብር ቁጥሩ ይመዘገባል፣ መቅጃ ይታጠቃል፣ ባልደረባው ከርቀት ይከታተላል፣ የተገዛው ዕፅ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ወዲያው ይታሸጋል። ኮልማን ብቻውን ነበር የሚሠራው። የተቀዳ ድምፅ የለ፣ ምስል የለ፣ የጣት አሻራ የለ፣ አይቻለሁ የሚል ሁለተኛ ሰው የለ። ማስታወሻውን እግሩ ላይ ይጽፍ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ላቦራቶሪ ደግሞ ዱቄቱ ኮኬይን መሆኑን ይናገራል እንጂ ከማን እጅ እንደወጣ አያውቅም። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው።

ቅጣቱን ያከበደው ሌላ ነገር ነው። በቴክሳስ ሕግ ከ1 እስከ 4 ግራም ኮኬይን መሸጥ ከ2 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ሽያጩ ከትምህርት ቤት ወይም ከልጆች መጫወቻ በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ300 ሜትር ገደማ ውስጥ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። በትንሽ ከተማ ይህ ርቀት ብዙ ሰፈር ይሸፍናል፤ ቦታውን የሚናገረውም ያው ኮልማን ነው። ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋ አሳማ አርቢ 90 ዓመት ተፈረደበት። ይህን ያዩ ሌሎች ጥፋተኛ ነን ብለው ተደራደሩ። ያልሠሩትን ሠራን ማለት ማለት ነው፤ ከ90 ዓመት አንጻር ግን ማን ይፈርድባቸዋል?

ነገሩን የፈታው ተራ ወረቀት ነበር። አንዱ ተከሳሽ ሸጠ በተባለበት ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበር የሰዓት መዝገቡ አሳየ፣ አለቃውም መሰከረለት። አንዲት ሴት ደግሞ ሸጠች በተባለበት ማለዳ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ኦክላሆማ ሲቲ ባንክ እንደነበረች የባንኩ ሰነድ አረጋገጠ፤ ክሷ በ2002 ተነሣ። የቀን ሥራ የሚሠራና በእጁ የሚከፈለው ሰው ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ከየት ያመጣል?

በዘመቻው መሀል ኮልማን ራሱ ቀድሞ በሠራበት ካውንቲ በስርቆት ተከሶ ነበር። አለቆቹ እያወቁ ሥራውን አስቀጠሉት፣ ዳኞቹ ፊት የቀረበው ግን ንጹሕ ፖሊስ ሆኖ ነው። በ2003 የወቅቱ የቴክሳስ ገዢ ሪክ ፔሪ ለ35 ሰዎች ምሕረት አደረጉ፤ በ2005 ኮልማን በሐሰት ምስክርነት ጥፋተኛ ተብሎ 10 ዓመት በአመክሮ ተለቀቀ። በዚህ ፍርድ እስር ቤት አልገባም፤ በእሱ ቃል ከተፈረደባቸው ብዙዎቹ ግን ዓመታት ታስረዋል።

ኮልማን ይሠራበት የነበረው የጸረ ዕፅ ግብረ ኃይል የሚንቀሳቀሰው በፌዴራል ድጎማ ነበር። ለእንዲህ ያለ ቡድን ውጤት ማለት የታሰረ ሰው ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ በቀላሉ የሚገኘው ጠበቃ መቅጠር ከማይችል ሰፈር ነው። በአሜሪካ በሚደረጉ ጥናቶች ጥቁሮችና ነጮች ዕፅ የሚጠቀሙበት መጠን ተቀራራቢ ሆኖ፣ በእስር ግን ጥቁሮች እጅግ የሚበዙት ከዚህም የተነሣ ነው።

ቴክሳስ በ2001 ሕግ አወጣች፤ በስውር ጠቋሚ ቃል ብቻ፣ ሌላ ደጋፊ ማስረጃ ሳይኖር፣ በዕፅ ወንጀል መፍረድ ተከለከለ። ሕጉ ግን የሚመለከተው ፖሊስ ያልሆነውን ጠቋሚ ነው። ኮልማን ፖሊስ ነበር። ስለዚህ የተከሳሽ ጠበቃ ዛሬም መጀመሪያ የሚጠይቀው የሥራ ሰዓት መዝገቡን፣ የባንክ ደረሰኙንና የግዢውን የድምፅ ወይም የምስል ቅጂ ነው፤ ቅጂ የለም ከተባለም ለምን እንዳልተቀዳ በጽሑፍ ያስመልሳል።